ከሁሉም ቀርፋፋው መስመር

የሽያጭ ማዕከሉ ሠራተኛ ለቤት የሚሆን ኢንተርኔት እንደምፈልግ ስነግራት አንድ ወረቀት አወጣችና ፍጥነቶቹን ከላይ ወደ ታች አሳየችኝ።

«ስንት ሜጋ ላድርግልህ?»

«ከሁሉም ቀርፋፋው የቱ ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ርካሹን ማለትህ ነው?»

«አይ። ቀርፋፋውን።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የእኔዋ ግን ሳትስቅ፣ «እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ቀርፋፋ ስጪኝ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ምንም ሳልመርጥ ወጣሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። መጻፍ ብዙ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

ሦስት ልጆች ነን። ነበርን ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም። ታላቅ ወንድሜ አብነት ሰፈር ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በተጋራት ጠባብ ሱቅ ሞባይል ይጠግን ነበር። እህቴ ሁለተኛ ናት፤ ዱባይ ውስጥ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች ትሠራለች። እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ ቤት ውስጥ ማሙሽ ይሉኛል። አባታችን ገና በልጅነታችን ስላረፈ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናታችን ጋር ነው የምንኖረው።

ወንድሜ ቀጭን ነበር። እህቴ «ሚስማር» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ሬዲዮ» ይላታል፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም ለማለት። ከሱቅ ሲመለስ ኪሱ በጥቃቅን ብሎኖች የተሞላ ነው። እማዬ ልብሱን ስታጥብ የምታገኛቸውን ብሎኖች በአንድ እጀታው የተሰበረ ሲኒ ታጠራቅምለታለች። «ይኼኔ የስንቱ ሰው ስልክ ያለ ብሎን ይዞራል» ትለዋለች። እሱም፣ «እማዬ፣ ሰው ራሱ ስንት ብሎን ጎድሎት እየሄደ አይደል እንዴ» ይላታል።

የኢንተርኔቱ ነገር የተጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። እህቴ የመጪውን እንቁጣጣሽ ቀኑን ሙሉ በቪዲዮ ከእኛ ጋር መዋል አማራት። በእኔ ስልክ ዳታ ስናወራ መስመሩ ይቆራረጣል፤ የእማዬ ፊት ይበታተንና አፏ አንድ ቦታ፣ ድምፅዋ ሌላ ቦታ ይሆናል። «ለቤቱ ራሱን የቻለ ኢንተርኔት አስገቡ፤ የሚያስፈልገውን እኔ እልካለሁ» አለች። እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማማን። የትኛውን በሚለው ላይ ነው ሁለቱ የተጣሉት።

እሷ የፈለገችው ሲም ካርድ ገብቶበት ሶኬት ላይ የሚሰካውን ትንሽ ሳጥን ነው። ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ ይሠራል። እሱ ደግሞ ፋይበር ካልሆነ አለ፤ ከሕንፃው ሥር ካለው ሳጥን ተስቦ፣ ግድግዳ ተበስቶ የሚገባውን ገመድ። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ። እኔ ስልኩን ይዤ በመሃላቸው እቀመጣለሁ።

«አንተ ሁልጊዜ ትልቅ ትልቁን! ሱቅ ክፈት ሲሉህም ሕንፃ ካልሆነ ብለህ ሁለት ዓመት ቁጭ ያልክ ሰው ነህ!»

«አንቺ ደግሞ የሚሰካ ነገር ሁሉ የሚሠራ ይመስልሻል።»

«እኔ የእናቴን ፊት ነው ማየት የፈለግኩት። ባንክ ልከፍት አይደለም!»

«እኔስ ምን አልኩሽ? ያ ሳጥን እኮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ይደክማል። እማዬን እንደ ሞዛይክ ነው የምታያት።»

«እንግዲያው የራስህን ጉድ አስገባ፣ ለእኔ ግን እንዳትደውልልኝ!»

ዘጋችበት። በማግስቱ ሆዱን አመመው። የምግብ ነገር መስሎን ነበር። ሆስፒታል ገባ፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ድንኳን በተጣለ በሁለተኛው ቀን አጎቴ ሁላችንንም ጠርተው ተናገሩ። አጎቴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የብረት በር ይሠራሉ። «ልጅቷ በስልክ እንዳትሰማ» አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው ቤት ብቻዋን ናት። ብትወድቅ ማን ያነሳታል?» እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ሩቅ ያለ ዘመድ በማለዳ ነው የሚነገረው። የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፤ ሲነግሩትም እጁን ይዘው ነው። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ለእረፍት ስለምትመጣ ያን ጊዜ እዚሁ፣ በእኛ መሃል ትሰማለች ተባለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። ልክ መስሎኝ ነበር።

ስልኩ በእኔ እጅ ስለሆነ ሥራው የእኔ ሆነ። መጀመሪያ ለወንድሜ ጓደኞች ደወልኩ፤ ፎቶውን ከሻማ ጋር ኢንተርኔት ላይ ለጥፈውት ስለነበር እንዲያነሱት ለመንኳቸው። አንዱ፣ «እሱን ላጥፋ?» አለኝ። ከዚያ አጠፋው።

እህቴ በሳምንቱ ደወለች። ተኳርፈዋልና ስለ እሱ ቶሎ አልጠየቀችም። ቀስ ብላ ነው የመጣችበት።

«ያ ሚስማርስ?»

«ሐዋሳ… ለሥራ ሄዷል። የስልክ ሱቅ ሊከፍቱ… ከሰው ጋር።»

«ሐዋሳ ኔትወርክ የለም እንዴ?»

«ስልኩ ተበላሽቶበታል።»

«የሞባይል ጠጋኝ ስልክ?»

«የራሱን… አይጠግንም እኮ።»

ሳቀች። «እውነትህን ነው! የእሱን ስክሪን አይቼዋለሁ፤ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው።» እኔም አብሬያት ሳቅኩ። በዚያ ሳምንት መሳቅ የምችል አይመስለኝም ነበር።

ድምፅ ብቻ ሲሆን እንዲህ እንዲያ እያልኩ አልፈዋለሁ። ቪዲዮ ነበር ያስፈራን። እማዬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ እኔ ፀጉሬን ተላጭቻለሁ። የሚያድነን ያ ወንድሜ የሚያማርረው ደካማ መስመር ነበር። እማዬን መስኮቱን በጀርባዋ አድርጌ አስቀምጣታለሁ፣ እኔ ኮፍያ አደርጋለሁ፤ የቀረውን መስመሩ ራሱ ያበላሽልናል። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ አንድ ዘዴ ነበረኝ። «እማዬ፣ ጉልበትሽን ስነካሽ እንደ ፎቶ ቀጥ በይ። መስመሩ የቆመ ይመስላታል» አልኳት። በቁም ሳጥኑ መስተዋት ፊት ተለማመድን። እማዬ ስትለማመድ ጎበዝ ነበረች።

አንድ ቀን እህቴ፣ «እማዬ፣ ልጅሽ ስንት ጊዜ ደወለልሽ?» ብላ ጠየቀች። ጉልበቷን ነካሁ። ሁለታችንም ቀጥ አልን። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር የቀረሁት፤ እንደተከፈተ ተውኩት።

«ቆመባችሁ መሰለኝ» አለች እህቴ። ጠበቀች። «ሃሎ? … ቆይ እስኪ። እማዬ ዓይኗን ታርገበግባለች! መስመሩ ማሙሽን አቁሞ እማዬን ለብቻዋ ነው እንዴ የሚያንቀሳቅሳት?»

ዘጋሁት። እማዬና እኔ ተያየን። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እሱ ቢያየን ኖሮ ወለሉ ላይ ይንከባለል ነበር። ይህንን ሁለታችንም አሰብን፤ አልተናገርነውም።

ከዚያ ወዲህ ካሜራው ተሰብሯል አልኩና በድምፅ ብቻ ሆነ። ሐምሌም ገባ።

በአንዱ የዝናብ ቀን ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። እማዬ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ነው፤ ስልኩ በስፒከር ላይ ነው።

«ማሙሽ፣ እውነቱን ንገረኝ። ተቀይሞኛል አይደል?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። እኛ ስንጣላ እንዲህ ቆይተን አናውቅም። ሐዋሳም ቢሆን ስልክ ተውሶ ይደውል ነበር። እንዳትደውልልኝ አልኩት እኮ። ይህ አንደበቴ…»

የእማዬ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀጥ ብሏል።

«ስማኝ፣ እሱ የፈለገውን አስገባ። ፋይበሩን። እኔ ተሸንፌያለሁ በለው። ይቅርታ ብላለች በለው። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ለመስመሩ የሚሆነውን ላከች። እኔም ወደ ሽያጭ ማዕከሉ ሄድኩ፤ ያንን ጥያቄም ጠየቅኩ። እስከ መስከረም የሚደብቀን ቀርፋፋ መስመር ነበር የፈለግኩት። መስመሩ ገባ እንድንላት፣ ግን ፊታችን እንዳይታያት።

ማምሻውን አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። ወረቀቱን ከፍቼ አስረዳኋቸው፤ የጠየቅኩትንም ነገርኳቸው።

«ጥሩ ብለሃል» አሉ። «ቀርፋፋውን አስገባ። ሁለት ወር ምን አላት?»

«ፈጣኑን» አለች እማዬ።

ዞረን አየናት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ልጄ የሞተ ሰው ይቅርታ ስትለምን ሰማሁ» አለች። «እሷ እዚያ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ትቃጠላለች፤ እኛ እዚህ አዘንንላት ብለን ቁጭ ብለናል። ይህ ለማን ነው?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ አጎቴ።

«በስልክ ይነገር መቼ አልኩ? በሰው ይነገር። እዚያስ ሰው የለም እንዴ? እኚያ ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው፣ እማማ የምትላቸው ሴትዮ አሉ አይደል?»

የሴትዮዋ ቁጥር እኔ ጋ ነበር። እህቴ አንድ ጊዜ የእሷ ስልክ ባትሪ ጨርሶ በእሳቸው ደውላልን ነበር። አጎቴ ረጅም ጊዜ አቀርቅረው በብየዳ የተቃጠለ አውራ ጣታቸውን አሹ። ከዚያ «ቁጥሩን አምጣ» አሉኝ። ሲያወሩ ተነሥተው ቆሙ፤ እንደ ሽማግሌ ነበር የሚናገሩት። ሴትዮዋ መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ብቻችሁን ቻላችሁት?» አሉ። እሁድ የእህቴ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆነው ማልደው ሊሄዱ ቃል ገቡ።

አጎቴ ስልኩን ሲመልሱልኝ፣ «በል አሁን ጥሩውን መስመር አስገባ» አሉኝ። «ከሰማች በኋላ መጀመሪያ የምትፈልገው የእናቷን ፊት ነው። ያን ጊዜ እንዳይቆራረጥ።»

በማግስቱ ያቺው ሠራተኛ ገና ከሩቅ አየችኝ። «ቀርፋፋው መጣ!» አለች ለጓደኛዋ።

«ፈጣኑን ነው የፈለግኩት» አልኳት።

«ምን ተገኘ ዛሬ?»

«ሰው… ልናይበት ነው። በቪዲዮ።»

«ስንት ሰው ነው ቤት ውስጥ የሚጠቀመው?»

«ሦስት» አልኳት። ከዚያ፣ «አይ፣ ሁለት።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰው ሁሉ የሚመጣውን ፍጥነት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ለቪዲዮ ግን ከእኛ ወደ እነሱ የሚሄደውም መታየት አለበት፤ አለበለዚያ እኛ እናያለን እንጂ አንታይም። የላይኛው ለሁለት ሰው እንደሚበዛ፣ መካከለኛው በደንብ እንደሚያሳየን ነገረችኝ። ወንድሜ ቢሆን የላይኛውን ነበር የሚወስደው። እኔ መካከለኛውን መረጥኩ። ሕንፃችን ውስጥ ፋይበሩ ቀድሞ ስለገባ ከእሁድ በፊት እንደሚደርስልኝም አረጋገጠችልኝ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ቴክኒሽያኖች መጡ። አንደኛው ደረጃው ላይ ገመዱን ይስባል፣ ሁለተኛው ግድግዳውን ይበሳል። እማዬ ሻይ አቀረበችላቸውና ገመዱን ተጠግታ አየችው።

«ይህቺ ክር ናት ዱባይ ድረስ የምትወስደን?»

«ውስጧ መስታወት ነው፣ እማማ» አለ የሚበሳው። «የሚያልፍባት ብርሃን ነው።»

«መስታወት ከሆነ ይሰበራላ።»

«ካልታጠፈ አይሰበርም።»

እማዬ ወዲያውኑ ሶፋውን ከግድግዳው አራቀችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጥግ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ አጎቴም ጭምር።

ሲጨርሱ ቴክኒሽያኑ እጁን እየጠራረገ፣ «ውጭ አገር የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉና እንሞክረው» አለ። እማዬና እኔ ተያየን።

«እሁድ እንደውላለን» አለች እማዬ።

እሁድ ማለዳ ዝናብ ነበር። የፎቃችን ሴቶች ወንበራቸውን ይዘው ገቡ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ከእማዬ ሰምተው ነው። ዳቦና ሻይ ይዘዋል። ሁሉም ስልኩን ያያል። አንድ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ደወሉ። «ነግረናታል፤ ይዘናታል» አሉ። ከበስተጀርባቸው የእህቴ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያንን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። ቤታችን ውስጥም ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ራሷ በቪዲዮ ደወለች።

ስልኩን በብርጭቆ አስደግፌ እማዬ ፊት አስቀመጥኩት። ፊቷ መጣ። ምንም አልተበታተነም። የዓይኗ ሽፋን ማበጡ፣ የተዋሰችው ጥቁር ሻሽ ጫፉ መተርተሩ ሳይቀር ይታያል። እሷም እኛን አየችን። የእማዬን ጥቁር ልብስ አየች። ከዚያ እኔን፤ ኮፍያ አላደረግኩም ነበር። ፀጉሬ ገና አጭር ነው።

ብዙ ሰዓት እንዲሁ ቆየን። እሷ ስታለቅስ እኛ እናለቅሳለን፤ ስታርፍ እናርፋለን። ሴቶቹ አንዳንዴ ዳቦ ቆርሰው ለእማዬ ያጎርሷታል፤ እዚያም ሴትዮዋ ለእህቴ ውኃ ይሰጧታል። «እንዳትዘጋው» አለችኝ። አልዘጋሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተራ በተራ ሲወጡ በስሜ ጠራችኝ። ማሙሽ አላለችኝም።

«ይቅርታ ብላለች በለው ስልህ እሺ አልከኝ።»

«አዎ።»

«የምትነግረው ሰው ሳይኖር።»

«አዎ።» እማዬ «እኔ ነኝ…» ብላ ጀመረች፤ እህቴ ግን እኔን ነበር የምታየው። አልተቆጣችም። ከቁጣ የባሰ ነበር።

«ተቀይሞኝ ነው የሄደው» አለች።

«አይደለም» አልኳት። ይህኛውን ማወቅ ያለባት እንደሆነ፣ የማውቀውም እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ። «ስልኩን ስትዘጊበት… አጠገቡ ነበርኩ። ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ። ‹በሦስተኛው ቀን እሷው ትደውላለች፤ እስከዚያ ግድግዳውን እናዘጋጅላት› አለ። ከዚያ እርሳስ ፈልጎ… ‹እማዬን የምታስቀምጣት የት ነው?› እያለኝ ሳሎኑን ለካ። ‹ብርሃኑ ከፊቷ እንዲሆን፣ ሬዲዮዋ የእናቷን ፊት በደንብ እንድታይ› እያለ። ከዚያ መስመሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ።»

«የት ጋ?»

ቴክኒሽያኑ በሌላ በኩል ነበር የበሳው። ስልኩን ከብርጭቆው አነሣሁና ከመስኮቱ ትይዩ ወዳለው ግድግዳ ወሰድኩት። ነጩ ቀለም ላይ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አለች። አጠገቧ ደግሞ ወደ ሶፋው የምታመለክት ቀስት። የሚያውቅ ካልሆነ አያያትም። ካሜራውን አዞርኩላት።

«ቀረብ አድርገው» አለችኝ።

ቀረብ አደረግኩት።

«ትንሽ።»

ቁጢጥ ብዬ እጄን በሌላው እጄ ደገፍኩ። እህቴ ምልክቷን አየች። እኔም ክንዴ እስኪዝል ያዝኩላት፤ በቃኝ እስክትል።